የፍራፍሬ ልጣጭን ለአፈር ባክቴሪያ መስጠት፦ የቱ መንገድ ለማን ይሆናል?

ማታ ጁስ ቤቶች በር ላይ የሚደረደረውን ጆንያ ሳታዩት አትቀሩም። ከሥሩ ቡናማ ፈሳሽ ያንጠባጥባል። ዝንብ ወሮታል። ውስጡ የአቮካዶ ልጣጭ፣ የማንጎ ፍሬ፣ የፓፓያ ዘር፣ ተጨምቆ የቀረ ብርቱካን ነው። የቀኑ ስፕሪስ ሁሉ ትርፍራፊ እዚያ ነው ያለው።

ለዚህ ጆንያ መፍትሔ አለን የሚሉ ሰዎችም አይጠፉም። አንዱ ጄሪካን ይዞ ይመጣና "ይቺን ባክቴሪያ ርጩበት፣ አለቀ" ይላል። ሌላው ትል ይሸጣል። ሦስተኛው ስለ ባዮጋዝ ያወራል። አራተኛው ደግሞ "ምንም አትግዙ፣ የጫካ አፈር በቂ ነው" ይላል። ሁሉም ከፊል እውነት ይዘዋል። ግራ የሚያጋባውም ይኸው ነው።

እኔ በዚህ ነገር እጄን ያቆሸሽኩት ለአንድ ዘመዴ ጁስ ቤት ብዬ ነው። ያየሁትንም ያነበብኩትንም አንድ ላይ አድርጌ እነሆ። ከአማራጮቹ በፊት ግን መስፈርቱን እናስቀምጥ። መስፈርት የሌለው ሰው የሚገዛው የሻጩን ምላስ ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት የምትጠይቁት

የመጀመሪያው ጥያቄ መጠን ነው። በቀን ስንት ኪሎ ይወጣል? በግምት አትመልሱ፣ አንድ ሳምንት በሚዛን መዝኑት። ከማንጎ ክብደት ከሲሶ በላይ የሚሆነው ልጣጭና ፍሬ ነው። ብርቱካን ሲጨመቅ ግማሽ ያህሉ ይቀራል።

ሁለተኛው ጥያቄ ሰው ሁሉ የሚዘለው ነው፦ ደረቅ ነገር ከየት ታመጣላችሁ? ገለባ፣ ጭድ፣ ሰጋቱራ፣ የደረቀ ቅጠል ማለቴ ነው። ነገሩ እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው።

የፍራፍሬ ተረፈ ምርት ከ80 እስከ 90 በመቶው ውሃ ነው። በቀን 20 ኪሎ የሚያወጣ ጁስ ቤት በወር 26 ቀን ቢሠራ 520 ኪሎ ያወጣል። 85 በመቶው ውሃ ነው ብንል 442 ኪሎው ውሃ ሆነ ማለት ነው። አየር የሚፈልጉት ባክቴሪያዎች ደግሞ የሚመቻቸው እርጥበቱ ከ50 እስከ 60 በመቶ ሲሆን ነው። ከዚያ ካለፈ ክፍተቱን ሁሉ ውሃ ይይዘዋል፣ አየር ይጠፋል፣ ያለ አየር የሚኖሩት ተራቸውን ይይዛሉ። ሽታው ከዚያ ይጀምራል። ሒሳቡን ብትሠሩት 100 ኪሎ ልጣጭን ወደ 60 በመቶ ለማውረድ 50 ኪሎ ያህል ደረቅ ገለባ ይጠይቃል። ለዚያ ጁስ ቤት በወር 260 ኪሎ ገለባ መሆኑ ነው። ክምሩ ሲግል ውሃው ስለሚተን በተግባር ትንሽ ይቀንሳል፣ ግን ብዙ አይቀንስም። ገለባ ደግሞ ቀላል ነገር ነው። 50 ኪሎው ከልጣጩ በላይ ቦታ ይይዛል።

ይህን ሒሳብ ሳልሠራ ነበር የጀመርኩት። ሐምሌ ላይ፣ ጓሮ ጥግ፣ ልጣጭ ብቻ ከመርኩ። ላዩ ላይ የተገዛ ፈሳሽ ረጨሁበት። በሦስተኛው ቀን ክምሩ እንደ ሊጥ ተጣብቆ ሰመጠ። በአምስተኛው ቀን ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን ብቅ አድርገው "ልጄ፣ ምን ሞቶባችሁ ነው?" አሉኝ። ያዳነኝ ሦስት ጆንያ ሰጋቱራና አንድ ሙሉ ቀን በመንሽ መገላበጥ ነው። ፈሳሹ ጥፋት አልነበረበትም። ምንም ሊሠራ የሚችልበት ቤት አልሰጠሁትም እንጂ።

ሌሎቹን ጥያቄዎች በአጭሩ ልለፋቸው። ቦታችሁ ስንት ካሬ ነው፣ ጎረቤትስ ምን ያህል ቅርብ ነው? በየሳምንቱ ማን ይገለብጣል? (የሰው ስም ካልተጠራ "እኛ" የሚባለው ማንም አይደለም።) በመጨረሻ የምትፈልጉት ማዳበሪያ ነው፣ ጋዝ ነው፣ ወይስ ጆንያው ከደጃችሁ መጥፋቱ ብቻ?

ሥራውን የሚሠራው ማን ነው?

አንድ ግራም ጤነኛ አፈር ውስጥ ባክቴሪያ የሚቆጠረው በመቶ ሚሊዮኖች፣ አንዳንዴም በቢሊዮን ነው። ልጣጩ ራሱም ከገበያ ሲመጣ ይዟቸው ይመጣል። ስለዚህ የባክቴሪያ እጥረት የሚባል ነገር አብዛኛውን ጊዜ የለም።

ሥራውን በፈረቃ ነው የሚሠሩት። መጀመሪያ ስኳሩን እርሾዎችና የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ይሻሙበታል። አሲድ ያወጣሉ። ልጣጩ ራሱ ኮምጣጣ ስለሆነ ክምሩ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይበልጥ ይኮመጥጣል፣ ሙቀቱም 40 ዲግሪ አካባቢ ሊቆም ይችላል። አየር ካገኘ አሲዱ ራሱ ይበላና ያልቃል። ከዚያ ሙቀት ወዳዶቹ ይነሣሉ፣ ባሲለስ የሚባሉት በተለይ። ፔክቲኑንና (ልጣጩን አያይዞ የያዘው ሙጫ መሰል ነገር ነው) ስታርቹን ይበጥሱታል። ክምሩ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ይደርሳል፣ የአረምን ዘርና አብዛኞቹን የበሽታ ተህዋስያን የሚገድለውም ይህ ሙቀት ነው። ሲበርድ ደግሞ ሻጋታዎችና አክቲኖማይሲት የሚባሉት ክር መሰል ባክቴሪያዎች ጠንካራውን ቃጫ ይረከባሉ። ክምሩ ውስጥ አመድ የተነሰነሰበት የሚመስል ግራጫ ክር ካያችሁ አክቲኖማይሲቶቹ ናቸው። ከዝናብ በኋላ የሚሸተን የአፈር ሽታም ከእነሱ ነው። በነገራችን ላይ እ.ኤ.አ. በ1943 የተገኘው የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ስትሬፕቶማይሲን የተወሰደው ከእነዚሁ የአፈር ቤተሰቦች ነው።

አንደኛው፦ የአፈር እርሾ

ይህን "የጫካ አፈር" ይሉታል። እኔ እርሾ ብለው ይሻለኛል፣ አሠራሩ የእንጀራ እርሾ ነውና። ከትላንቱ ሊጥ ጥቂት አስቀርቶ ለነገው መጠቀም። ማንም ሰው እርሾ ከላብራቶሪ አይገዛም፣ ከጎረቤት ይዋሳል።

ምርጡ እርሾ የበሰለ ኮምፖስት ነው። የለመደውን ምግብ የሚያውቅ ማኅበር ውስጡ አለ፣ የመጀመሪያውን የአሲድ ጊዜም ያሳጥራል። እሱ ከሌለ ከአሮጌ ዛፍ ሥር ቅጠሉ በስብሶ የጠቆረበትን አፈር፣ ወይም የቆየ ፍግ ተጠቀሙ። ከክምሩ አንድ አሥረኛ ያህል በቂ ነው።

ከሥር ደረቅ ነገር አንድ ስንዝር ያህል አንጥፉ፣ የሚንጠባጠበውን ይጠጣል። ከዚያ ልጣጭ፣ ገለባ፣ እርሾ፣ እንደገና ልጣጭ። ቁመቱም ስፋቱም ከ1 ሜትር ካነሰ ሙቀት አይዝም። ገለባውም ልጣጩም ናይትሮጅን ስለሚያንሳቸው ከብት ያለው እበት ይጨምር። ከተማ ውስጥ ደግሞ የጀበና ቡና አተላ ወርቅ ነው። ከሰፈሩ ቡና ጠጪዎች በባልዲ ይሰበሰባል፣ ማንም አይከለክላችሁም። ጥቂት እፍኝ አመድ አሲዱን ያለዝባል፤ ከእበት ጋር ሲሆን ግን አታብዙት፣ ናይትሮጅኑ በአሞኒያ መልክ ይበናል።

በአራተኛው ቀን ገልብጡ፣ ከዚያ በየሳምንቱ። ቴርሞሜትር ካጣችሁ አንድ ፌሮ መሃሉ ላይ ሰክታችሁ አምስት ደቂቃ ቆዩ። አውጥታችሁ ስትነኩት እጅ የማያስችል ከሆነ ክምሩ ደህና እየሠራ ነው። እርጥበቱን ደግሞ በእጅ ነው፦ እፍኝ ሙሉ ጨብጣችሁ ጭመቁ። አንድ ሁለት ጠብታ ብቻ ከወጣ ልክ ነው። ከፈሰሰ ገለባ ይጨመር። ስትለቁት ከተበተነ ውሃ አርከፍክፉ።

ከሁለት እስከ ሦስት ወር፣ ከዚያ አንድ ወር ማረፊያ። ወጪው ገለባና ጉልበት ብቻ ነው። ጉዳቱ ቦታና ታታሪ ሰው መጠየቁ ነው። እንደኔ ቦታ ላለው ሰው ይህን የሚበልጥ የለም።

ሁለተኛው፦ በጄሪካን የሚመጣው

ኢኤም ("ውጤታማ ተህዋስያን" ለማለት ነው) የሚባለው ፈሳሽ ጃፓን ውስጥ፣ ኦኪናዋ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ፕሮፌሰር ቴሩኦ ሂጋ ያስተዋወቁት ድብልቅ ነው። ውስጡ በዋናነት የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያ፣ እርሾና ብርሃን የሚጠቀሙ ባክቴሪያዎች አሉ። 1 እጅ ኢኤም፣ 1 እጅ ሞላሰስ፣ ወደ 20 እጅ ውሃ ተደርጎ ሳምንት ያህል ይብላላል። ክዳኑን በየቀኑ ትንሽ ፈታ አድርጉት፣ አለበለዚያ ጄሪካኑ ይነፋል።

ስለዚህ ፈሳሽ የሚነገረው ከሚሠራው ይበልጣል። ስዊዘርላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2006 በተደረገ የማሳ ሙከራ ሕያው ኢኤምንና ሆን ተብሎ በሙቀት የተገደለ ኢኤምን ጎን ለጎን አወዳደሩ። ልዩነት አላገኙም። የታየው ትንሽ ለውጥ የመጣው ተህዋስያኑ ከተቀመጡበት ምግብ እንጂ ከራሳቸው ከተህዋስያኑ አልነበረም። ያ ሙከራ በአየር ንብረቱ ከእኛ ይለያል፣ የተለካውም ሰብልና አፈር ነው። ቢሆንም "ርጩበት፣ አለቀ" ለሚል ሰው ጥሩ መልስ ነው።

ታዲያ ለምን እዚህ አስገባሁት? አንድ የሚያዋጣበት ቦታ ስላለ ነው። በፉርሽካ ላይ አብላልቶ ክዳን ባለው በርሜል ውስጥ ከልጣጭ ጋር በየሽፋኑ ቢነሰነስ ልጣጩን ያኮመጥጠዋል። ቆጮ ጉድጓድ ውስጥ የሚብላላውን አስቡ። ያለ አየር ነው፣ ግን አይሸትም፣ ዝንብም አይገባም። ጃፓኖች ቦካሺ ይሉታል። ከታች ቧንቧ ያለው በርሜል ይሁን፣ የሚወርደው ፈሳሽ እንዲቀዳ። አንድ ነገር ብቻ እወቁ፦ ልጣጩ በዚህ መንገድ አልበሰበሰም፣ ተጠበቀ እንጂ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ወጥቶ አፈር ውስጥ መቀበር ወይም ክምር ላይ መጨመር አለበት። እውነተኛውን ሥራ እዚያም የአፈር ባክቴሪያ ነው የሚሠራው።

ሦስተኛው፦ በፓኬት የሚመጣው ዱቄት

ብዙውን ጊዜ ባሲለስ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ባሲለስ ጠንካራ ዘር መሰል ቅርፊት ሠርቶ ደርቆ መቆየት ይችላል፣ ከሌሎቹ ብዙዎቹ ግን መደርደሪያ ላይ ይሞታሉ። ለትልቅ ፋብሪካ፣ በየቀኑ ተመሳሳይ ተረፈ ምርት ለሚያወጣ፣ መሞከሩ ያስኬዳል። ሻጩን አንድ ነገር ጠይቁት፦ ሁለት እኩል ክምር እንሥራ፣ አንዱ ላይ ያንተን፣ ሌላው ላይ የበሰለ ኮምፖስት። የሁለቱን ሙቀት ለሦስት ሳምንት እንመዝግብ። እምቢ ካለ መልሱን ሰጥቷችኋል።

አራተኛው፦ ትል

ቀዩ የኮምፖስት ትል ባክቴሪያ አይደለም፣ ግን ሆዱ የባክቴሪያ ወፍጮ ቤት ነው። የሚያወጣው ማዳበሪያ ከሁሉም ደቃቅና ምርጥ ነው፣ ለችግኝ የሚፈልጉት ብዙ ናቸው። ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ይስማማዋል፣ አዲስ አበባና ሌላውም ደጋ ወይና ደጋ ጥላ እስካለ ያኖረዋል። አዋሽ ወይም ጋምቤላ ግን ሙቀቱ ይፈጀዋል።

ችግሩ ትኩስ ልጣጭ ነው። ይግላል፣ ይኮመጥጣል፣ ትሉም ይሸሻል ወይም ይሞታል። ስለዚህ ልጣጩ መጀመሪያ አንድ ሁለት ሳምንት በአንደኛው መንገድ ይብሰል። ሎሚና ብርቱካን በትንሹ ብቻ። ጉንዳንና ዶሮ ተጠንቀቁ፤ ዶሮ አንድ ጠዋት ብቻ ይበቃታል።

አምስተኛው፦ ባዮጋዝ

ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ2009 ወዲህ በየገጠሩ ካስፋፋቸው ጉድጓዶች አንዱን ያላችሁ ልጣጩን ከዚያ ጋር ማሰብ ትችላላችሁ። እነዚያ የተሠሩት ለእበት ነው። የሚነደውን ጋዝ፣ ሚቴንን፣ የሚያመርቱት ተህዋስያን (በጥብቅ ካየነው ባክቴሪያ እንኳ አይደሉም፣ ሩቅ ዘመዶቻቸው ናቸው) አሲድ አይችሉም። የፍራፍሬ ስኳር በአንድ ጊዜ ሲገባ ጉድጓዱ ይኮመጥጣል፣ እሳቱም ይጠፋል። ከእበት ጋር፣ በጥቂቱ ተጀምሮ፣ በሳምንታት እየተጨመረ ከሆነ ግን ጥሩ ጋዝ ይሰጣል። ብርቱካን እዚህ አይገባም። ልጣጩ ውስጥ ያለው ሊሞኒን የተባለ ዘይት ሚቴን አምራቾቹን ይመርዛል።

ብርቱካንን ካነሣን አይቀር የኮስታሪካው ታሪክ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ አንድ የጭማቂ ኩባንያ ከጓናካስቴ ጥብቅ ደን ጋር ተስማምቶ 12,000 ቶን የብርቱካን ልጣጭ በተራቆተ 3 ሄክታር መሬት ላይ ዘረገፈ። ሐሳቡ የሥነ ምሕዳር ተመራማሪዎቹ የዳንኤል ጃንዘንና የባለቤቱ የዊኒ ሃልዋክስ ነበር። ተፎካካሪ ኩባንያ ከሰሰ፣ ፍርድ ቤት አስቆመው። ከ16 ዓመት ገደማ በኋላ ተመራማሪዎች ሲመለሱ ቦታውን የሚያመለክተው ሰሌዳ በሐረግ ተውጦ ለማግኘት ተቸገሩ። ከመሬት በላይ ያለው የዕፅዋት ክብደት 176 በመቶ ጨምሮ ነበር። ማንም ዱቄት አልነሰነሰበትም። ግን ልብ በሉ፦ ሰፊ መሬት፣ ሩቅ ጎረቤትና 16 ዓመት ነበራቸው።

ጎን ለጎን ሲታዩ

| አማራጭ | የሚስማማው መጠን | ቦታ | የሚወስደው ጊዜ | ወጪ | ሽታና ዝንብ | የሚገኘው |
|---|---|---|---|---|---|---|
| የአፈር እርሾ ክምር | ከ20 ኪሎ በቀን እስከ ብዙ ቶን | ይፈልጋል | ከ3 እስከ 4 ወር | ዝቅተኛ፣ ጉልበት ይበዛዋል | ገለባ ካነሰ ይሸታል | ብዙ ኮምፖስት |
| ኢኤም በበርሜል | እስከ 30 ኪሎ ገደማ በቀን | ጥግ ይበቃል | 2 ሳምንት፣ ከዚያ መቅበር | መካከለኛ፣ ሁልጊዜ ይገዛል | በጣም ትንሽ | ያልጨረሰ ብስባሽና ፈሳሽ |
| የባሲለስ ዱቄት | ፋብሪካ | እንደ ክምሩ | እንደ ክምሩ | ከፍ ያለ | እንደ ክምሩ | ኮምፖስት |
| ትል | እስከ 10 ኪሎ ገደማ በቀን | ጥላ ያለው ጥግ | ከ2 እስከ 3 ወር | መነሻው መካከለኛ | ትንሽ | ምርጥ ማዳበሪያ |
| ባዮጋዝ | እበት ላለው ብቻ | ቋሚ ግንባታ | ሳምንታት፣ ከዚያ በየቀኑ | ከሁሉም ከፍተኛ | ዝግ ነው | ጋዝና ፈሳሽ ማዳበሪያ |

ለማን የቱ?

ኪራይ ቤት ውስጥ ያለ፣ ጓሮ የሌለው ጁስ ቤት ከሆናችሁ በርሜሉን ያዙ። ግን በርሜሉ ሲሞላ የሚቀበል ሰው ከወዲሁ ፈልጉ። የከተማ ግብርና የሚሠሩ ማኅበራት፣ አትክልት የሚያለማ ትምህርት ቤት፣ ችግኝ ጣቢያ። ተቀባይ ሳታገኙ በርሜል አትግዙ።

የአቮካዶና የማንጎ ፍሬውን ለብቻ አጠራቅሙ። ክምር ውስጥ ከወራት በኋላም እንደ ድንጋይ ተቀምጦ ታገኙታላችሁ። ችግኝ የሚያዳቅሉ ሰዎች ግን የተሻለው ዝርያ የሚቀጠልበትን መነሻ ችግኝ ለማብቀል ይፈልጉታል፣ ሳይደርቅ ትኩሱን።

ጓሮና ሁለት ላም ካላችሁ ነገሩ ያልቃል፦ ክምር፣ ከእበት ጋር። የማንጎ ልጣጩን ላሞቹ ራሳቸው ይበሉታል። የአቮካዶን ልጣጭና ፍሬ ግን ለዶሮ፣ ለፍየልም ሆነ ለከብት አትስጡ፣ ፐርሲን የሚባል መርዝ አለበት።

ወጣቶች ተደራጅተው ከአሥር ጁስ ቤቶች ሊሰበስቡ ካሰቡ መጀመሪያ ከእንጨት ሥራ ቤቶች ጋር ስለ ሰጋቱራ ይነጋገሩ፣ ከጁስ ቤቶቹ ጋር ቀጥሎ። ቀለም የነካው ወይም ሙጫ ያለበት ሰጋቱራ አይሁን። ክምሩ ትርፍ ሲያመጣ ትሉን ይጨምሩ፤ ግማሽ የበሰለው ለትል፣ የቀረው ለገበሬ።

እንደ ይርጋለም አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ካሉ ቦታዎች የአቮካዶ ዘይት የሚያወጣ ፋብሪካን ያህል ትልቅ ለሆነ ደግሞ ጥያቄው ባክቴሪያ መሆኑ ይቀርና ሎደርና ሰፊ ወለል ይሆናል። ረጅም ክምሮች፣ ፈሳሹን የሚሰበስብ ቦይ፣ የሙቀት መዝገብ። ዱቄቱን መሞከር ከፈለጉ ከዚያ በኋላ።

አንድ ቀሪ ነገር። ኮምፖስቱ መብሰሉን እንዴት ታውቃላችሁ? ያልበሰለ ኮምፖስት ችግኝ ይጎዳል፣ ብዙ ሰው "ኮምፖስት አቃጠለብኝ" የሚለውም ለዚህ ነው። ሳይንቲስቶች የሚጠቀሙበት መፈተሻ ዘር የእኛው ፌጦ ነው። አንድ ብርጭቆ ኮምፖስት በአሥር ብርጭቆ ውሃ በጥብጡና አጥልሉት። ሁለት ሳህን ላይ ጥጥ አንጥፉ። አንዱን በዚህ ውሃ፣ ሌላውን በንጹሕ ውሃ አርሱ። በእያንዳንዱ ላይ 20 የፌጦ ዘር በትኑ። ሸፍናችሁ ሦስት ቀን ጠብቁ። የበቀሉትን ቁጠሩ፣ ሥራቸውንም በማስመሪያ ለኩ። ሁለቱ ሳህኖች ከተቀራረቡ ኮምፖስቱን ለችግኙ ስጡ። የኮምፖስቱ ሳህን ሥር አጥሮ ጫፉ ቡናማ ከሆነ ክምሩን በሸራ ሸፍናችሁ ሌላ ሦስት ሳምንት ተዉት።